ለታማኝ ደንበኛ የተዘጋጀ ቅጣት

መርካቶ ውስጥ ዋጋ መከራከር የሰለቸው ሰው አሜሪካ ሲገባ እፎይ ይላል። እዚህ ከሸሚዝ እስከ መኪና ጎማ ዋጋው ተለጥፎበታል፤ «መጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ መለማመጥ የለ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ነጋዴው ይጠራኝ ይሆን ብሎ ጆሮ ማቆም የለ። እንዲህ ብሎ የሚያምን ወገን ገና ቤቱ ኢንተርኔት አላስገባም።

የመምረጥ መብቱ መቼም የተከበረ ነው። አገር ቤት ሳለን፣ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ቴሌ ብቻውን ነው እያልን ስናማርር ኖረናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት የተከራየ ሐበሻ ግን ብዙ ጊዜ አማራጩ ሰፊ ነው፦ ሕንፃው ውስጥ ገመድ የዘረጋውን ኩባንያ መምረጥ ይችላል፤ ካልወደደው ያንኑ ኩባንያ በሌላ ፍጥነት መምረጥ ይችላል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አንድ ኩባንያ ሕንፃን ለብቻው የሚይዝበትን ውል በ2008 ከልክሏል፤ በ2022 ደግሞ ባለሕንፃና ኩባንያ ገቢ እየተካፈሉ ተፎካካሪ የሚያርቁባቸውን አንዳንድ ስምምነቶች ከለከለ። እንግዲህ ሌላ ኩባንያ እንዳይገባ የሚያግድ ውል የለም፤ የሌለው ገመዱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ፍጥነት ይመረጣል። «ኢንተርኔቱን ለምን ትፈልገዋለህ?» ይላል ሻጩ። እናቴን በቪዲዮ ለማየት ነው ሲባል የነገሩ ክብደት ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ከጊጋቢት በታች እንደማይሆን በሐዘኔታ ያስረዳል። ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ ጥቂት ሜጋቢት እንደሚበቃ፣ ኮሚሽኑ ራሱ በ2024 ያወጣው የብሮድባንድ መለኪያም 100 ሜጋቢት ማውረጃና 20 ሜጋቢት መላኪያ እንደሆነ አንስቶ ማስቸገር ነውር ነው። ለእናት ያልሆነ ጊጋቢት ለማን ሊሆን ነው? በኬብል በሚመጣ መስመር ማውረጃው ጊጋቢት ሆኖ መላኪያው የዚያ ቁራጭ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የልጅየው ፊት እናቱ ወዳሉበት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው ደግሞ በመላኪያው በኩል ነው። እዚያ የሰፈሩ ኔትወርክ ሲደክም እናት አፋቸውን እንደከፈቱ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ይቀራሉ፤ ልጅም ሜሪላንድ ተቀምጦ በወር ሌላ 20 ዶላር ጨምሮ የራሱን ፍጥነት ያሳድጋል። ፍቅር ማለት ይህ ነው።

ሞደምም አለ። ኩባንያው ያከራየዋል፤ የተከፈለው ኪራይ ከጊዜ በኋላ ከሞደሙ ዋጋ ያልፋል፣ ኪራዩ ግን አይቆምም። ሞደሙን ራሱ ገዝቶ ያመጣውን ደንበኛ ሳይቀር «ኪራይ ክፈል» የሚሉ ስለተገኙ፣ ኮንግረስ በ2019 ያላከራዩትን ዕቃ ኪራይ መሰብሰብ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይህን ለመከልከል ሕግ ያስፈለገው አገር፣ ነጋዴዎቹ ምን ያህል ባለ ብዙ መላ እንደሆኑ ይመሰክራል።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን ዋጋው ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው፣ 50 ዶላር እንበል፣ የአዲስ ደንበኛ ዋጋ ነው። ዓመት ሲሞላ 80 ይሆናል። ገመዱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ መቆራረጡም ያው ነው፤ የተለወጠው ደንበኛው ማርጀቱ ብቻ ነው። ቀን ሳያሳልፍ ስለከፈለ 30 ዶላር ተጨመረበት፤ ትናንት የገባው ጎረቤቱ በ50 ይጠቀማል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች፣ በምግብ ካርቶን ላይ በሚታየው ዓይነት ሠንጠረዥ፣ የመግቢያውን ዋጋና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እንዲጽፉ ተገደዋል። ጽፈዋልም። ከዚያ ወዲህ የምንነጠቀው ተነግሮን ነው።

መድኃኒቱ ስልክ መደወል ነው። «ልሰናበታችሁ ነው» ያለ ሰው ጥቂት ሙዚቃ ይጋበዝና፣ ደንበኛ እንዳይሄድ ለመለመን ወደተቀጠረ ክፍል ይተላለፋል፤ እዚያ 80ው በደቂቃዎች ወደ 55 ይወርዳል። ከመርካቶ ያመለጥን መስሎን ነበር። ልዩነቱ፣ የመርካቶው ነጋዴ ለቆየ ደንበኛ ቀነስ ያደርጋል፣ የአሜሪካው ግን በቆየ ደንበኛ ላይ ይጨምራል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 «መውጣትም እንደ መግባት ይቅለል» የሚል መንፈስ ያለው ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ፍርድ ቤት በ2025 የአወጣጡ ሥርዓት ተጓድሏል ብሎ ሻረው። ሥርዓትማ መጠበቅ አለበት።

ይህ ክርክር ታዲያ እንግሊዝኛ ይፈልጋል፤ ጊዜም ይፈልጋል። ቢሮ የሚውለው፣ ምላሱ የተፈታው ወገን በምሳ ሰዓቱ ደውሎ ያስቀንሳል። ሙሉውን 80 የሚከፍሉት ፓርኪንግ ውስጥ ድርብ ሺፍት የሚሠራው ወንድማችንና የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው ቋንቋው ያልገባቸው እማማ ናቸው። ሲጠቃለል፣ የተናጋሪው ቅናሽ ከዝምተኛው ኪስ ይወጣል ማለት ነው። መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ በወር እስከ 30 ዶላር የሚደጉምበት ፕሮግራም ነበር፤ ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ተመዝግቦበት ሳለ ገንዘቡ አልቆ በጁን 2024 ቆመ። የአዲስ ደንበኛ ቅናሽ ግን ባጀቱ አልቆ አያውቅም።

ሐበሻ መቼም መላ አያጣም። ዘንድሮ ውሉ በባል ስም ነው፤ ዓመት ሲሞላ ባል ይሰረዝና ሚስት አዲስ ደንበኛ ትሆናለች፤ እሷ ስታረጅ ባል ታድሶ ይመለሳል። ኩባንያው ነቅቶ «እናንተንማ እናውቃችኋለን» ያለ ዕለት የበኩር ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት ይደርሳል፣ ከዚያ ታናሹ። አራት ልጅ ያለው ቤተሰብ በዚህ አካሄድ እስከ ጡረታው በ50 ዶላር ይዘልቃል። ልጅ ያላደረሰ ግን ታማኝ ሆኖ 80ውን ይክፈል።