በ«በሞቴ» እና በኤምፔሳ መካከል፦ የናይሮቢ ሐበሻ የሒሳብ አከፋፈል ጥናት

ናይሮቢ ውስጥ ሁለት ሐበሾች ወዳጅ መሆናቸውን ማረጋገጥ የሚሻ ተመራማሪ ምግቡ ተበልቶ እስኪያልቅ መታገሥ አለበት። አብሮ መብላት ማስረጃ አይሆንም፤ የማይዋደዱም አብረው ይበላሉ። ማስረጃው አስተናጋጁ ሒሳቡን ይዞ ሲመጣ የሚነሣው ግብግብ ነው።

የመስክ ሥራው የተከናወነው በሀርሊንግሃም፣ በኪሊማኒና በኢስሊ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ኪሊማኒ የሚሄድ ሰው የኃይለ ሥላሴን ጎዳና ይዞ ንጎንግ መንገድ ላይ ይወጣና የምኒልክን መንገድ ያገኛል። ተጠኚዎቹ ራሳቸውን እንደ እንግዳ መቁጠር ለምን እንደሚያቅታቸው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻም። ስለ ቀጠሮ አንድ ነገር ብቻ፦ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓቱን ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የምሽቱ 1 ሰዓት ለሁሉም 1 ሰዓት ነው። ማርፈዱ ሌላ ምክንያት አለው።

በጥሬ ገንዘብ ዘመን ሥርዓቱ የታወቀ ነበር። ታናሽ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ ታላቅ አፈፍ አድርጎ ይይዘዋል። «በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉ!» ይባላል። በሞያሌ በኩል ትናንት የገባ ሥራ ፈላጊም እጁን ይሰዳል፤ ልዩነቱ እጁ ኪሱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ረዘም ካለ አስተዋይ ታላቅ ፈጥኖ ይይዝለታል፤ ሁለቱም ክብራቸው ሳይነካ ይወጣሉ። ለሥራው አዲስ የሆነ ኬንያዊ አስተናጋጅ ጠብ ይመስለዋል። የቆየው ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጦ ዞር ይላል።

የልማዱን ምንጭ በተመለከተ ይህ ጸሐፊ የግብር ንድፈ ሐሳብን ይደግፋል። በቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ «ሒሳብ አምጡ» የሚል አልነበረም፤ የሚያበላው አንድ፣ የሚበላው ብዙ ነው። በሰው አገር ደግሞ የሚያበላ የለም፤ ቤቱ የኪራይ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ በየጊዜው የሚታደስ። ለአንድ ምሽት ጋባዥ ሆኖ ማደር የሚቻለው በዚያች ቁራጭ የሒሳብ ወረቀት በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ለእሷ ክንድ ቢጣመም አይገርምም። (ወረቀቷ ለሁለት የተቀደደችበት ጊዜ አለ፤ አስተናጋጁ ሌላ አትሞ አመጣ፣ ትግሉ ከመጀመሪያው ተጀመረ።)

የኬንያው ቴሌኮም ሳፋሪኮም በ2007 እ.ኤ.አ. በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን ኤምፔሳን ሲጀምር ይህን ያሰበበት አይመስልም። ስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ እጅ በመያዝ አይቆምም። «እጄን ልታጠብ» ብሎ የተነሣው ሰው እግረ መንገዱን የምግብ ቤቱን የቲል (የክፍያ መቀበያ) ቁጥር ያስገባል፤ ሲመለስ ነገሩ አልቋል። የተሸነፈው ወገን ይህን ክህደት ይለዋል። አጸፋው ብዙ አልዘገየም፦ ማታ ቤት ሲደርሱ ድርሻን ወደ ከፋዩ ስልክ መላክ። ከፋዩ ይመልሰዋል። ላኪው ደግሞ ይልካል። በየዙሩ የመላኪያ ክፍያ ስለሚቆረጥ ያች የ1,000 ሺሊንግ ድርሻ ተመላልሳ ሁለቱንም ታስከፍላለች፤ የአገራችን ይሉኝታ ለኬንያ ቴሌኮም ዘርፍ ያበረከተው ድርሻ ግን እስካሁን በማንም አልተመሰገነም። በ2019 እ.ኤ.አ. የመጣው ፉሊዛ ደግሞ ስልኩ ውስጥ ገንዘብ የሌለው ሰው ተበድሮ እንዲከፍል ስለሚፈቅድ፣ የኪስ ውስጥ ቆይታን አስቀርቷል። አሁን ድሃም ያሸንፋል፤ ክፍያው በየቀኑ እየታሰበበት።

ለንጽጽር አንድ ኬንያዊ ወዳጅ ሦስት ሐበሾች ባሉበት ማዕድ እንዲቀመጥ ተደረገ። ኬንያውያን በሐራምቤ መዋጮ ትምህርት ቤት የሠሩ፣ እቁብን በሚመስለው ቻማ የሚቆጥቡ ሰዎች ናቸው፤ ማዋጣት ያውቃሉ። ይህም ሰው ትግሉ ሲጀመር ጥያቄ ሳያነሣ ጠቅላላውን በስልኩ ከፍሎ ወደ ክትፎው ተመለሰ። በማግስቱ ለእያንዳንዳቸው የሚደርስባቸውን ሩብ ጽፎ ላከላቸው። ሦስቱም፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ የሁሉንም ሒሳብ ሙሉውን ላኩለት። ትርፉን ልመልስ ቢል «በሞቴ!» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር «ዛሬስ የት ነው የምንበላው?» እያለ የሚደውለው እሱ ነው፤ ስልኩንም ቻርጅ ሳያደርግ መጥቶ አያውቅም።