ለቤተ ዘመድ ብቻ፦ የዳባትና አካባቢዋ የቁጠባ ሠርግ ጥናት

መግቢያ

ዳባት ለጥናት እንግዳ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳዋ የተወለደውን፣ የሞተውንና አገር የለወጠውን ሲቆጥር ኖሯል። በሠርግ የተበላውን እንጀራ መቁጠር ለእኛ ተርፏል።

የእንግዳ ስሌት

የቁጠባ ሠርግ በጽሑፍ አይታቀድም። የሙሽራው አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው «ዘንድሮስ ለቤተ ዘመድ ብቻ ነው» ይላሉ፤ በጀቱ በዚሁ ይጸድቃል። ችግሩ ዘመድ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሽማግሌዎች የሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ቆጠራው ለመከልከል የታሰበ ቢሆንም፣ አንዴ ስሙ የተነሣ ሰው ካልተጠራ ይቀየማል። ስለዚህ እንዳይጋቡ የተለዩት በሙሉ ሊበሉ ይመጣሉ።

የጊዜ ስሌት

በጾም አይደገስም። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ደግሞ እህል ጎተራ የገባበት በመሆኑ ደጋሹ ሁሉ ጥር ላይ ይጋፋል። የዕድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በአንድ እሑድ ለሦስት ሠርግ ይፈለጋል፤ አዝማሪውም እንዲሁ። ሌሎች ይህን እንደ ችግር ያዩት ይሆናል። እኛ ግን ብቸኛው አስተማማኝ የወጪ መቀነሻ ሆኖ አግኝተነዋል፤ እንግዳው በሦስት ዳስ ይከፋፈላልና። የዘዴው ጉድለት፣ ብርቱ እንግዳ ሦስቱንም ማዳረሱ ነው።

የታሪክ ማስረጃ

በሰው ወጪ መደገስ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት ብለው ደረስጌ ማርያምን አሠርተው፣ ሁሉን አሰናድተው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ድል አደረጓቸውና በቀናት ውስጥ እዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ዝግጅት፣ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ቆይተውም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። በሰሜን ምድር አማት ሳይወዱ በግድ የሸፈኑት ከዚህ የላቀ ድግስ አላገኘንም። ዘዴው ዛሬ በሕግ ስለሚያስጠይቅ አንመክረውም።

የሒሳብ ምርመራ

የዘንድሮው የወጪ ዝርዝር ሲታይ ያስደንቃል፦ ድንኳኑ የዕድር፣ ጋኑ የጎረቤት፣ ጌሾ ወቃጯና ሽንኩርት ከታፊዋ ያለ ክፍያ። ሆኖም ዳሱ በር ላይ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ ጎረምሳ ተቀምጧል። የሰጪውን ስምና የብሩን መጠን ይጽፋል። ሕዝቡ ደብተሩን የስጦታ መዝገብ ይለዋል። እኛ ስንመረምረው የዕዳ መዝገብ ሆኖ ተገኝቷል፦ ሰጪው በተራው ልጁን ሲድር፣ የያኔው ደጋሽ ደብተሩን ገልጠው የተጻፈውን ያያሉ፤ ከዚያ ያነሰ ይዞ መሄድ ነውር ነው። ሽንኩርት የከተፈችውም ደብተር የላትም እንጂ አትረሳም።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

በጥናታችን ርካሽ ሠርግ አልተገኘም፤ የተገኘው ቀድሞ የተከፈለ ወይም ገና የሚከፈል ሠርግ ነው። ስለሆነም እጅ ያጠራቸው ወላጆች ዝግጅቱን ሙሽሪት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣችበት ሳምንት እንዲጀምሩ እንመክራለን። ሥራው ቀላል ነው፦ ሃያ ዓመት ያህል በየሰዉ ዳስ እየተገኙ ሽንኩርት መክተፍ፣ ጋን መሸከም፣ ደብተሩ ላይም ስምን ጮክ ብሎ ማስጻፍ። ለዚህ ጊዜ የሌላቸው እንደ ሌላው ሰው ተበድረው ይደግሱ።