የሟች ፍላሽ አጭር የሕይወት ታሪክ

ሙት መውቀስ ነውር እንደ ሆነ ቢታወቅም፣ ለቀስተኞቹ ሁሉ ሟችን በቅርብ የሚያውቁት በመሆናቸው ደግነቱን ብቻ አንብቦ መሸኘት እነርሱን መናቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር በሚል የልጅነት ስም ተወልዶ፣ ዓመት ሳይሞላው በጉዲፈቻ ተወስዶ ፍላሽ የተባለው፣ በ2005 ደግሞ ከነአሳዳጊው ለሌላ አሳዳጊ የተሸጠው ይህ የተንቀሳቃሽ ሥዕልና የጨዋታ መድረክ፣ ባደረበት የደኅንነት ቀዳዳ ሕመም ምክንያት በየጊዜው በሚወጋው የጥገና መርፌ ሲረዳ ቆይቶ፣ በተወለደ በ24 ዓመቱ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። (መሥሪያ ሶፍትዌሩ ቀደም ብሎ ስሙን ለውጦ ስለ ነበር በለቅሶው ላይ በዘመድነት አልተቀመጠም።)

የሟች ዋና ነውር መደበቅ ነበር። አክሽንስክሪፕት፣ ማለትም ሥዕሉ ሲነካ ወይም ጊዜው ሲደርስ ምን እንዲያደርግ የሚታዘዝበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ በ2000 ከፍላሽ 5 ጋር ስሙን ይዞ ሲመጣ ትዕዛዙ በፈለጉት ጉድጓድ እንዲቀበር ፈቀደ፤ በፍሬም ላይ፣ ይኸውም ታይምላይን በሚባለው የጊዜ መስመር ላይ ባለች አንዲት ቅጽበት፣ በአዝራር ላይ፣ ወይም በሙቪ ክሊፕ፣ ማለትም የራሱን ታይምላይን ይዞ በሌላ ፊልም ሆድ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ፊልም ላይ። ፍሬም ላይ የተጻፈ ኮድ ቢያንስ ትንሽ የ«ኤ» ፊደል ከራሱ በላይ ይተክል ነበር፤ አዝራር ላይ የተጻፈው ግን ያችን የመቃብር ምልክት እንኳ ስለማያቆም፣ የሌላውን ሰው ሥራ የተረከበ ባለሙያ ክሊፕ ከፍቶ፣ በክሊፑ ውስጥ ሌላ ክሊፕ ከፍቶ፣ አዝራሮቹን አንድ በአንድ እየነካ የአክሽንስ ሰሌዳውን ሲያይ፣ ፕሮግራም የሚያርም ሳይሆን የጠፋ ዘመድ በየሆስፒታሉ የሚያፈላልግ ይመስል ነበር። ከዚህ መከራ የተወለደው የሙያው የመጀመሪያ ምክር አጭር ነው፤ ከሁሉም በላይ «አክሽንስ» የተባለ ሌየር፣ ማለትም የሥዕል ንብርብር፣ ይከፈታል፣ ይቆለፋል፣ ኮዱም በሙሉ በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ይሰፍራል። የተቆለፈ ሌየር ሥዕል ባይቀበልም ኮድ ግን ይቀበላልና፣ ይህች የሟች ጠባይ ከጥቂት በጎ ሥራዎቹ ትቆጠርለት።

ስሕተትንም ቢሆን ይደብቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የአክሽንስክሪፕት ትውልዶች የክሊፕ ስም በአንድ ፊደል ቢዛነፍ ሟች ምንም ሳይናገር፣ ምንም ሳያደርግ፣ በጨዋ ልጅ ዝምታ ሥራውን ይቀጥል ስለ ነበር፣ ባለሙያዎች «ትሬስ» በተባለው ትዕዛዝ፣ ማለትም አንድን ቃል ወደ ውጤት ሰሌዳው በሚልከው መሣሪያ፣ ኮዱን «እዚህ ደርሷል»፣ «እዚህም ደርሷል» እያሰኙ የት ላይ እንደ ጠፋ በእግር ይከተሉት ነበር። በ2006 የመጣው ሦስተኛው ትውልድ በአዝራር ላይ መጻፍን ከልክሎ አንደበቱንም ፈታለት፤ ይሁንና ስድስት ዓመት ዝም ያለው ሟች አፉን ሲከፍት የተናገረው «ስሕተት 1009» የተባለውን፣ አንድ ነገር ባዶ እንደ ሆነ እንጂ የትኛው ነገር እንደ ሆነ የማይገልጸውን ዐረፍተ ነገር ነበር። የመስመሩን ቁጥር እንዲናዘዝ በማተሚያ ምርጫዎቹ ውስጥ የማረሚያ ፈቃድ ምልክት ሊደረግለት ይገባ ነበር፤ ይህችም ምልክት፣ እንደ ልማዱ፣ ተደብቃ ነው የኖረችው። ኮዱን ከሥዕል ፋይሉ አውጥተው ፍላሽዴቨሎፕ በተባለው ነጻ የኮድ መጻፊያ የሠሩ ሰዎች ዕድሜያቸው ረዝሟል።

የሥዕል ፋይሉ ራሱ እስከ 2010 ድረስ ማንም በጽሑፍ ማንበቢያ ሊያነበው የማይችል፣ ሁለት ሰዎችም በአንድ ጊዜ ሊሠሩበት የማይመች የተዘጋ ቋጠሮ ነበር። ሟች ሆዱን ከፍቶ ማሳየት በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ ስሙን ማንሳት በማያስፈልግ አንድ ኃያል እጅ የክስ ደብዳቤ ተጻፈበት። ክሱ ባብዛኛው እውነት ነበር፤ ሟች ባትሪ ይበላል፣ በር ሳይዘጋ ያድራል፣ በጣት ለሚነካ ስልክም አልተሠራም። ብቻ ከሳሹ ዳኛም ነበር፣ ዳኛውም የራሱ ሱቅ ነበረው።

ይህ ሁሉ ተብሎም አንድ እውነተኛ ሐዘን ይቀራል። የሚሥለው እጅና ኮድ የሚጽፈው እጅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙበት እንዲህ ያለ ቤት ከዚያ ወዲህ አልተሠራም፤ ኳስ ሥሎ፣ በኤፍ 8 ቁልፍ ክሊፕ አድርጎ፣ ሦስት መስመር ጽፎ፣ ኮንትሮልና ኢንተርን አንድ ላይ የተጫነ የሥዕል ተማሪ፣ ኳሷ ስትነጥር ባየባት ቅጽበት ፕሮግራመር ሆኖ ይነሣ ነበር፤ መሆኑንም የሚነግረው አልነበረም። ራፍል የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማስመሰያ ዛሬ ብዙዎቹን አሮጌ ሥራዎች እንደ ገና ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ምንጭ ፋይላቸው የጠፋባቸው ባለቤቶች ግን እያዩ ለማረም ይቸገራሉ።

ፍላሽ ከመጨረሻው ፍሬም ሲደርስ «ስቶፕ» የሚል ትዕዛዝ ካላገኘ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ የሚዞር ፍጥረት ስለ ነበር፣ በራሱ ይቆማል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የሞቱ ቀን በ2017 በይፋ ቢነገርም፣ በ2020 አጋማሽ በወጡት ማጫወቻዎች ሆድ ውስጥ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማንኛውንም ሥራ አላጫውትም የሚያሰኝ ትዕዛዝ ገብቶ ነበር። የጻፈው እጅ የሙያውን የመጀመሪያ ምክር አልሰማም፤ ከላይ ባለው የተቆለፈ ሌየር፣ በመጀመሪያው ፍሬም፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አላሰፈረውም።