በ17 እርምጃ የመሸነፍ ጥበብ

ቼዝ መሸነፍ ማንም ያውቅበታል። በውድድር አዳራሽ፣ ወንበሩ ገና ሳይሞቅ፣ ሕዝብ እያየ መሸነፍ ግን ዝግጅት ይጠይቃል። ለዚህ ደግሞ ከጎን መክፈቻ የሚሻል የለም። ሐሳቡ በራሱ መልካም ነው፦ ወታደሮችን ወደ መሃል ከማዝመት ይልቅ ዳር ይዘው በጳጳስና በፈረስ ያነጣጥሩበታል። የቼዝ ተጫዋቹ ሬቲ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ላይ፣ ለስምንት ዓመት ያልተነካውን ካፓብላንካን የጣለው በዚህ ነው። እርስዎ ከዚህ የሚወስዱት የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ይሁን፤ መሃሉን መተው።

አርአያ ቢፈልጉ ዴንማርካዊው ቤንት ላርሰን አለልዎ። እ.ኤ.አ. በ1970 ቤልግሬድ ላይ ሶቪየት ኅብረት ከተቀረው ዓለም ጋር ስትገጥም፣ የቡድን አጋሩ ፊሸር እንኳ የአንደኛውን ሰሌዳ ወንበር ለቆለት፣ ከዓለም ሻምፒዮኑ ከስፓስኪ ፊት ተቀመጠ። በሁለተኛው ዙር በጎን መክፈቻ፣ በቢ3 ጀመረ።

እስከዚህ ጥፋት የለም። ሙያው ያለው ፈረሱ ላይ ነው። ያውጡት፤ ወታደር ሲገፋው ያሽሹት፤ በሦስተኛው ዝላይ አንዴ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ፈረስ ጋር ይለውጡት። የእርስዎ ድካም ከንቱ ይቀራል፣ ለተጋጣሚዎ ደግሞ መንገዱ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ጥፋት!

ስፓስኪ በ9ኛው እርምጃ ካስል አድርጎ ንጉሡን ሸሸገ። እርስዎ የእርስዎን አይንኩት፤ ይልቅ በ10ኛው ኤፍ4 ይግፉና በሩን ይክፈቱ። የስፓስኪ ጥቁር ፈረስ ጂ4 ላይ መጥቶ ሲያፈጥብዎ ጂ3 ይበሉ፣ ቀጥሎ ኤች3። በንግሥቲቱ ወገን ያሉት ፈረስና ግንብ ከተወለዱበት ቤት ንቅንቅ እንዳይሉ። ላርሰን እስከ መጨረሻው አላስቸገራቸውም።

ከዚያ ግብዣው ይመጣል። ፈረሱን ይተውልዎታል፤ ይብሉት። በ14ኛው ግንቡን ኤች1 ድረስ አምጥቶ ያጎርስዎታል፤ ይህንንም ይዋጡ። (እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ከደረሱ ጾመውም አይተርፉም።) አንዲት ወታደር ጂ2 ትገባለች፤ ንግሥት ኤች4 ላይ ሆና ቼክ ትላለች፤ በ17ኛው ወታደሯ ግንብዎን በልታ ሌላ ንግሥት ትሆናለች። አሁን እጅ ይስጡ።

ሲወጡ ጥፋቱን በቢ3 ያላኩ፤ ስለ ፈረሱና ስለ ኤፍ4 ትንፍሽ አይበሉ። ላርሰን በሦስተኛው ዙር ያንኑ ስፓስኪን አሸንፏል፣ መክፈቻውም ዛሬ በስሙ ይጠራል። አደራ፣ እዚያ ድረስ እንዳይከተሉት።