የምንጩ ተራ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሊኑክስ በሚባል አገር፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ከርነል የምትባል መንደር ነበረች። የመንደሪቱ ምንጭ አንድ ነው፤ ቀጂው ግን ብዙ ነው። እመት ጦጢት ምንጩ ራስ ላይ ተቀምጣ “አንተ ቅዳ፣ አንቺ ቆይ” እያለች ተራ ታስከብራለች።

ከቀጂዎቹ ሁሉ የሚቸኩለው አዝማሪው ፌንጣ ነበር። ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ቅሉ ቀዳዳ ናት። ከእርሷ በሴኮንድ 48,000 ጠብታ ይንጠባጠባል፤ ከኮምፒውተሩ ሣጥን ውጭ ዘፈን ሆኖ የሚሰማውም ያ ጠብታ ነው። ቅሉ የምትይዘው 256 ጠብታ ስለሆነ ከአምስት ሺኛ ሴኮንድ ጥቂት እንዳለፈ ትደርቃለች። ያን ጊዜ ዘፈኑ “ቅርርር” ይላል። ሰዓሊዋ ቢራቢሮም በሴኮንድ 60 ሥዕል ማድረስ አለባት፤ አንዱ ከዘገየ የሚጋልበው ፈረስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይሄኔ ባለቤቱ ከውጭ ሣጥኑን በጥፊ ይመታል። መንደርተኛው “ሰማይ ተቆጣ” ብሎ ይንበረከካል።

አያ ጅቦ ትልቅ እንስራ ይዞ ይመጣል፤ አንዴ ካጎነበሰ ቀና አይልም። ጦጢት ተራ የምታስለውጠው ደወል ሲደወል ነው፤ ደወሉ ደግሞ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብቻ ይደወል ነበር። ጅቦ እስኪነሣ የፌንጣው ቅል ደርቃ ትጠብቃለች።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው “ደወሉ 1,000 ይሁን” አሉ። ሆነ። ደወል በተደወለ ቁጥር የሚቀዳው ይነሣል፣ ባለተራው ይጠጋል፣ ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ሰላምታው ሳያልቅ ደወሉ ይደገማል። ደዋዩም ይጠማዋልና በየደወሉ አንድ ጭልፋ ይጠጣል። ማንም ውሃ በማይፈልግበት ሌሊት እንኳ ደወሉ ይጮኻል፣ መንደሩ ይባንናል፣ የኩራዙ ጋዝ ያልቃል። “እንግዲያው 250 ይሁን” ተባለ። ለምን 250 እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከ100 ይበልጣል፣ ከ1,000 ያንሳል፤ ለሽማግሌ ይህ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የፌንጣውን ቅል 8,192 ጠብታ በሚይዝ ትልቅ ቅል ለወጡለት። ዘፈኑ መቆራረጡን ተወ። ነገር ግን ከላይ የገባው ጠብታ ከታች እስኪወጣ 170 ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጅ ጀመር። ቢራቢሮ የሣለችው ዘፋኝ አፉን ከገጠመ በኋላ ድምፁ ይወጣል፤ ከበሮ መቺው እጁን ካነሣ በኋላ ከበሮው ይጮኻል። ሣጥኑ እንደገና ተመታ።

ሽማግሌዎቹ ትንሿን ቅል መልሰው ሹመት አመጡ። የሹመቱ መሰላል ከ19 ተነሥቶ ከዜሮ በታች 20 ድረስ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክብሩ ይበልጣል። ፌንጣው ከዜሮ በታች 20 ተሾመ፤ ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቢራቢሮ “የእኔስ ሥዕል?” አለች፤ ተሾመች። አያ ጅቦ “እኔስ የማን ልጅ ነኝ?” አለ፤ ተሾመ። በሳምንቱ ከጠራጊዋ ከአይጢት በቀር ሁሉም ከዜሮ በታች 20 ሆነ። እርሷን ያስታወሳት አልነበረም። ሰልፉ እንደ ድሮው ነው፤ አሁን ግን ሲገፋፉ “ክቡር ሆይ” ይባባላሉ።

ስለዚህ ከሹመት በላይ ዘውድ ተሠራ። ባለዘውድን ጅብም ደወልም አያስነሣውም። ፌንጣው ትልቁን፣ ባለ 99ኙን ዘውድ ደፋ፤ ዝንጀሮዎች ባለ 50ውን አገኙ፤ አንድ ዝንብም በዘመድ አንዱን ደፋ። የዝንቡ ሥራ ምንጩን እየዞሩ “ደረሰ? ደረሰ?” ማለት ብቻ ነበርና ምንጩን ይዞት ቀረ። ሕዝቡ በጥም ሊያልቅ ሲል ሕግ ወጣ፦ ከ1,000 ጭልፋ 950ው ለባለዘውዶች፣ 50ው ለቀረው ሕዝብ። በዚያች 50 ጭልፋ መንደሩ ይታጠባል፣ ያበስላል፣ ይድራል፣ ይቀብራል።

አንድ ቀን አይጢት የፌንጣውን ጎጆ ልትጠርግ ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። ጨርሳ ለመክፈት አንድ ጭልፋ ውሃ ያስፈልጋታል፤ በመስኮት ብትጮህ ግን ምንጩን ዝንጀሮዎቹ ይዘው ይተጣጠባሉ። ባለ 99ኙ ፌንጣ ዘውዱን እንደደፋ ደጁ ላይ ቆመ። ቅሉ ውስጥ ናት። ዘፈኑ ጨርሶ ዝም አለ።

አሮጌው ኤሊ ተጠራ። “በፈረንጆች 1997 ማርስ ላይ በወረደችው መንኮራኩር፣ በፓዝፋይንደር ሆድ ውስጥም እንዲህ ያለች መንደር ነበረች” አለ። “እየወደቀች እየተነሣች አስቸገረች። ኋላ ከምድር መልእክት ላኩባት፦ ቁልፍ የያዘ ታናሽ፣ ደጅ የሚጠብቀውን ታላቅ ዘውድ ይዋስ ብለው። ዳነች።”

ዘውዱ በመስኮት ተወረወረ፤ አይጢት ደፋችው። ዝንጀሮዎቹ ተነሡላት፤ ውሃዋን ቀዳች፣ ጠረገች፣ ከፈተች፣ ዘውዱንም መለሰች። መንደሩ ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ።

በማግስቱ ጠዋት ምንጩ ጋ ሰልፍ አልነበረም። ሰልፉ ቀጥቃጩ ደጅ ነበር፤ ሁሉም ቁልፍ ያሠራል። አያ ጅቦ የድልድዩን፣ ዝንጀሮዎቹ የደወሉን፣ ዝንቡ የምንጩን። ቀጥቃጩም የጋለውን ብረት ማብረጃ ውሃ አጥሮኛልና ዘውድ ይሰጠኝ ብሎ ወደ ጦጢት ላከ። ጦጢት መልስ ሳትሰጥ የፌንጣው ቅል ደረቀች፣ ፈረሱም አየር ላይ ቆመ። ከውጭ የባለቤቱ መዳፍ ወደ ሣጥኑ ይወርድ ነበር።