ካሜራ አንጋች በጎንደር

ለፍላጎቱ ብቻ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ከፎቶ ቤት ባለሙያ የሚለየው ገንዘብ ባለማግኘቱ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ በማውጣቱም ነው። ባለሙያው የተቀጠረበትን ሠርግ አንሥቶ፣ ቀሪ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አማተሩ ግን ማንም ሳይልከው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ለአንድ ሌንስ የአንድ በሬ ዋጋ ይከፍላል፤ ግንቡ ጫፍ ላይ ያረፈችው ርግብ እስክትበር አንገቱን አቅንቶ ይጠብቃል። ርግቧ የምትበረው ታዲያ እሱ ላቡን ሊጠርግ ጎንበስ ያለ ጊዜ ነው። ጎንደር ውስጥ ይህን ሰው መለየት አያስቸግርም። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ይለብሳል፤ ሲራመድ የሚያየው ፊት ለፊቱን ሳይሆን ሰገነት ሰገነቱን ነው። ፒያሳ ላይ ባጃጆች ጡሩምባቸውን አስረዝመው የሚነፉትም ለእሱ ነው።

ጉዞው ከፋሲል ግቢ ይጀምራል፤ ሌላ መጀመሪያ የለውም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ነገሥታቱ እየተከታተሉ ያሳነጿቸው ግንቦች፣ 12 በሮች ባሉትና ዙሪያው 900 ሜትር ያህል በሆነ አጥር ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አማተሩ ትኬቱን ቆርጦ እንደገባ መጀመሪያ የሚያነሣው የፋሲለደስን ግንብ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን የቆሙትን ክብ ግንቦች፣ በላያቸው የተቀመጡትን የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉልላቶች፣ ከዚያ በላይ ሰማዩን። ይህ ፎቶ በቀን መቁጠሪያ፣ በሆቴል ግድግዳ፣ በፖስት ካርድና በቲሸርት ላይ ስንት ጊዜ እንደወጣ አማተሩ ያውቃል። ያውቃል፤ ግን የእሱ ደመና ሌላ ነው ብሎ ያምናል።

ቀጥሎ ወደ ቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ ይሻገራል። በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር የሚባለው ይህ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል፤ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስለቀቅ የጣሉት ቦምብ ብሶበታል። ለታሪክ ጉዳት የሆነው ለካሜራ ሲሳይ ነው፤ ጣራ በሌለው አዳራሽ ብርሃን እንደ ልቡ ይገባል። አማተሩ ይህን ሲያስብ ትንሽ ያፍርና መቅረጹን ይቀጥላል።

ሕንድን የዞረ ካሜራ አንጋች ከሆነ ደግሞ እዚህ ሲደርስ የሆነ ነገር ትዝ ይለዋል። የጆድፑርን ወይም የጃይፑርን ምሽግ ሲያነሣ ያየው ቅስትና ጉልላት ዘመድ እዚህ ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ከንቱ ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የደረሰው ሐሰን አል-ሐይሚ የፋሲለደስን ቤተ መንግሥት ያነጸው ሕንዳዊ ግንበኛ እንደሆነ ጽፎ አልፏል። የፖርቱጋሎች እጅ አለበት የሚሉም አልጠፉም። ክርክሩ ሲነሣ ጎንደሬው አስጎብኚ ድንጋዩም፣ ኖራውም፣ የተሸከመውም ትከሻ የአገር ልጅ መሆኑን አስረግጦ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ግንብ ይነዳል፤ ደግም ያደርጋል። ሕንድ ግን እስከ ዛሬም ከጎንደር እጇን አላነሣችም፤ ከግቢው አጥር ውጪ የሚርመሰመሰው ሰማያዊ ባጃጅ ዘሩ ቢቆጠር ፑኔ ከተማ ይገባል። አማተሩ አንዱን የሕንድ ሥራ ሲያነሣ ሌላው እንዳይገባበት ሲጠባበቅ ግማሽ ቀን ያልፋል።

በግቢው ውስጥ ነጠላ የለበሰች ሴት ሲያነሡ ዋናው ፈተና ድንጋዩ ጥቁር፣ ነጠላው ነጭ መሆኑ ነው። የሰው ዓይን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያያል፤ ካሜራ ግን ምረጥ ይላል። በድንጋዩ ከተለካ ነጠላው ከመንጣቱ የተነሣ ፈትሉም ጥለቱም ይጠፋና ከሴትዮዋ የሚተርፈው ፊትና እግር ብቻ ነው። በነጠላው ከተለካ ደግሞ ሴትዮዋ ከነጥለቷ ትወጣለች፤ የፋሲለደስ ግንብ ግን ከሰል ይሆናል። መድኃኒቱ ፀሐይዋ ሳትከር ማለዳ ወይም ስታዘቀዝቅ መድረስ ነው። ያን ጊዜ ጥቁር የመሰለው ድንጋይ ቡናማ መሆኑ ይታያል፤ በአንዳንዶቹ ግንቦች በመስኮትና በበር ቅስት ዙሪያ የተሰካው ቀላ ያለ ድንጋይም ራሱን ይለያል። ይህን ሁሉ አማተሩ ከመጽሐፍ አንብቦታል። ግን ማለዳ ሲመጣ ትኬት ቆራጩ አልደረሰም፤ ትኬት ቆራጩ ሲደርስ እሱ ፍርፍር ላይ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት እኩለ ቀን ላይ ነው።

ጎንደርን በሥዕል የማስቀረቱ ሥራ ከካሜራ ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አስከትሎ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ለብሩስ ቁስቋም ላይ ማረፊያ ሰጡት። ባሉጋኒ ዕፅዋቱን ቅጠል በቅጠል ሲሥል፣ የአየሩን ጠባይ ሲመዘግብ ቆይቶ በ1771 እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ አገሩ ተመልሶ በአምስት ቅጽ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ለሠዓሊው የተረፈው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ሥዕሎቹንም ብሩስ የራሴ ናቸው ብሏል። ዛሬ የደከመበት ፎቶ ያለ ስሙ ከስልክ ስልክ ሲዞር አይቶ የሚበግን አማተር እንግዲህ ጎንደር ላይ ቀዳሚ አለው፤ ያውም ለመብገን እንኳ ዕድሜ ያልበቃው።

ከቁስቋም ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ቀዳማዊ ኢያሱ የመሠረቱት ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ተርፏል፤ ያዳነውም ከግቢው የተነሣ የንብ መንጋ ነው ይባላል። ለካሜራው ግን ቁም ነገሩ ጣሪያው ነው፤ ከመቶ በላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተሥለውበታል። አማተሩ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ካልሲው መቀደዱ የሚታወቀው እዚህ ነው። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ክልከላውም ተገቢ ነው፤ የቀለሙን ዕድሜ ማሳጠር ለማንም አይጠቅምም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ግማሽ ሰከንድ ያህል መክፈት አለበት፤ በዚያ ግማሽ ሰከንድ እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም። ስለዚህ አማተሩ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ይንጋለልና ካሜራውን ደረቱ ላይ ያስደግፋል፤ ትንፋሹንም ይውጣል። የመላእክቱ ዓይን የአንዱ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ነው፤ ከሥር የተጋደመውን ሰው ላለማየት የተስማሙ ይመስላሉ። ካህኑ ግን ለምደውታል፤ በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አድርገው ‹‹ልጄ፣ እግርህን ሰብስብ›› ብለው ያልፋሉ።

ጉዳዩ የሚከብደው ገበያ ላይ ነው። ግንብ ዝም ብሎ ይነሣል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን የሚነሣው ሁሉ አፍ አለው። አማተሩ ከቤቱ ሲወጣ የሳለው ገበያ አለ፦ በርበሬው የተቆለለበት፣ ቁናው የተደረደረበት፣ ጃንጥላ የዘረጉ ሴቶች የተቀመጡበት። ይህ ሁሉ አለ። ግን ከበርበሬው ጎን ቢጫ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ ጎን የሳልባጅ ሸሚዝ፣ ከሁሉ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። አማተሩ ጀሪካኑን የሚጠላውን ያህል ጠላቱን አይጠላም፤ የእሱ ጎንደር ፕላስቲክ አያውቅምና። ጤፍ ሻጯ ግን ውሃ የምትቀዳው በምኑ እንደሆነ አልጠየቃትም።

ፈቃድ ሲጠይቅ የሚሆነው በአብዛኛው ይህን ይመስላል።

‹‹እናቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሣዎት?››

‹‹ለምንህ ነው?››

‹‹ለማስታወሻ።››

‹‹ያንተ ማስታወሻ ለኔ ምን ይሆነኛል? ይልቅ ጤፉን ግዛ፤ እሱን ስትበላ ታስታውሰኛለህ።››

አማተሩ ሁለት ኪሎ ጤፍ ይገዛል፤ ሆቴል ለሚያድር ሰው ጥሬ ጤፍ ምን እንደሚሠራለት እያሰበ። ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ሴትዮዋ ራሳቸው ‹‹በል እንግዲህ አንሣኝ›› ይላሉ፤ ዋናው ችግር የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። አማተሩ የፈለገው ጤፍ ሲሰፍሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲስቁ ነበር። እሳቸው ሻሻቸውን ይፈታሉ፤ እንደገና ያስራሉ። ነጠላቸውን አራግፈው ጥለቱ ወደ ፊት እንዲወጣ አድርገው ይለብሱታል፤ ሥራ ላይ የነበረውን እጅ ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና ፊታቸውን ኮስተር ያደርጋሉ። ‹‹እንደ ቅድሙ ይሁኑልኝ፣ ይሳቁ›› ሲባሉ ‹‹ምን አግኝቼ?›› ይላሉ። ጎረቤታቸውም ‹‹ጥርስ ማሳየት የፈረስ ገበያ ነው›› ብላ ታግዛቸዋለች።

እዚህ ላይ እውነቱ ከሴትዮዋ ጋር ነው። ቀድሞ ፎቶ መነሣት ማለት የክት ልብስ ለብሶ ፎቶ ቤት ሄዶ፣ አትክልት ወይም ፏፏቴ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ ትንፋሽ ይዞ መነሣት ነበር። ፊልሙ ታጥቦ የሚደርሰው በቀጠሮ ነበር፤ ፎቶውንም ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የልጅ ልጅ ያየው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ጤፍ የነካው እጅ እያሳዩ መነሣት ደግ አይደለም። አማተሩ ተፈጥሯዊ የሚለው አቀራረብ ለተነሺዋ ሳይዘጋጁ መያዝ ነው። በጎንደር አደባባይ ሳይዘጋጅ መያዝ የሚወድ የለም፤ ነገሥታቱም ቢሆኑ ያን ሁሉ ግንብ ያቆሙት በአጋጣሚ እንዲታዩ ብለው አይደለም።

የሰው ፈቃድ የማይለምንበት ቀን ጥምቀት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ይዘላል። በዙሪያው አጥሩን በሥራቸው የያዙት ዋርካዎች ከሁሉም ይልቅ ለካሜራ የተተከሉ ይመስላሉ። በዚህ ሰዓት የካሜራ አንጋቹ መብት አንድ ስንዝር ቦታ ነው፤ እሱንም ከፊቱ ሰልፊ የሚነሣ ጎረምሳ ስልኩን አንሥቶ ይወስድበታል። ከፍ ብሎ ማየት የፈለገ የእንጨት ርብራብ ላይ ይወጣል፤ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ርብራቡ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ስለጠፋ ግን ልብ ያለው ከመሬት አይለቅም። ከጥምቀት በኋላ የሠርጉ ወራት ይቀጥላል፤ ሙሽሮች ከነአጃቢዎቻቸው ግንቡንና ጥምቀተ ባሕሩን ያጥለቀልቁታል። አማተሩ ያን ጊዜ ሳይወድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ይሆናል፤ ቬሎ ያልገባበት ቅስት ፈልጎ አያገኝምና።

ከዚያ ሽሽቱ ወደ ሰሜን ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች አጣርቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ይገባል፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ተከፍሎ ስካውት የሚባለው ታጣቂ አጃቢ የሚቀጠረው እዚያ ነው፤ ያለ ስካውት መግባት አይፈቀድም። ከሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ተነሥቶ 3,620 ሜትር ላይ ወዳለው ጨነቅ ሲወጣ የአማተሩና የስካውቱ ልዩነት ይገለጣል። አማተሩ ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ውድ የተራራ ጫማ ይዞ ትንፋሹ ሥሥቷል። ስካውቱ ክላሽና ጋቢ ይዞ በኮንጎ ጫማ ከፊት ከፊቱ ያዘግማል፤ ሲጠብቀው ደግሞ ተቀምጦ ሳይሆን ቆሞ ነው፤ ይህ ያናድዳል። ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ ባትሪ በብርድ አቅም ያጣል። ልምድ ያለው ባትሪውን ከሸሚዙ ሥር አቅፎ ይተኛል።

ለዚህ ሁሉ ካሳው ጭላዳ ነው። ጭላዳ የሚያድረው በገደሉ ሥንጥቅ ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ወጥቶ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። ቁርስ ላይ ያለ ፍጡር ስለሆነ ሰው ሲጠጋ ደንግጦ አይበረግግም። ወንዱ ጎፈሩ በነፋስ ሲበተን፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ ሲበራ፣ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ማንም ‹‹ይሳቁልኝ›› አላለውም። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጤፍ አይሸጥም፣ ጀሪካን የለውም። አማተሩ ሣሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ ሚሞሪው እስኪሞላ ያነሣል። ዋልያ ደግሞ የጭላዳ ተቃራኒ ነው፤ ጨነቅ አካባቢ በሩቅ ገደል ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ስካውቱ በባዶ ዓይኑ ያየዋል። አማተሩ ባለው ሌንስ ሁሉ አንሥቶት ቤቱ ሲደርስ የሚያገኘው አንድ ቡናማ ነጥብ ነው፤ ለእንግዳ ሲያሳይ በጣቱ ጠቁሞ ‹‹ይኸውልህ ዋልያው›› ማለት አለበት።

በመጨረሻ ስካውቱ ራሱ ‹‹እስቲ እኔን›› ይላል። ጋቢውን ያስተካክላል፣ ክላሹን አንገቱ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ያደርጋል፣ ገደሉን ከጀርባው አድርጎ ቀጥ ይላል። ሲጨርስ ‹‹በስልክ አይደለም፤ በወረቀት ላክልኝ›› ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ከዚህ በፊት ቃል የገቡለት ካሜራ አንጋቾች ብዙ ናቸው፤ የላኩት ጥቂት ናቸውና። መላኪያው ቀላል ነው። ፎቶው ጎንደር ፎቶ ቤት ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ ለደባርቅ ሚኒባስ ሹፌር ይሰጣል። ፖስታው ላይ የስካውቱ ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ይጻፍበት፤ ሞላ ብቻ ከተባለ ሦስት ሞላ ይመጣል፤ ሦስቱም ፎቶው የኔ ነው ይላሉ።