ትውልዱ ስንተኛ ነው?

«ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ!»

«ሰማሁህ። ትውልዱስ?»

«የምን ትውልድ?»

«የፕሮሰሰሩ ነዋ! ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ።»

«አራት፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ።»

«አራተኛ ትውልድ ነው። እኛ ከሰባት ቤት ወዲህ ያለውን አናጋባም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንት ወዲህ ያለውን አያስገባም።»

«ታዲያ ማሽኔ ሞተ ማለት ነው?»

«መርዶውን ማን ነገረህ?»

ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠገንበት ቤት ጎራ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ምልልስ ሳይሰማ አይወጣም። ነገሩ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ዝማኔ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ፣ ከኤኤምዲም ራይዘን 2000 በታች ያለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። እዚህ በየጽሕፈት ቤቱና በየቢሮው ቀን ከሌት የሚሠራው ግን ብዙው ሌላ አገር አገልግሎ የመጣ ነው፤ ትውልዱ ቢቆጠር ስምንት አይሞላም።

እና ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ምን ይላል? «ጣሉትና አዲስ ግዙ።»

በምን ብር? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ፎገራ የሚበቅለው ሩዝ ነው፤ ኮምፒውተር የሚመጣው በዶላር ነው። «ጣሉት» የሚል ሰው ገንዘቡንም አብሮ ይጨምርልን።

«እሺ፣ 30 ዶላር ክፈሉና የዊንዶውስ 10ን ዝማኔ አንድ ዓመት አራዝሙ።»

በየትኛው ካርድ? ዶላር የሚከፍል ካርድ በኪሱ የያዘ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ፋርጣ ውስጥ ፈልገህ አምጣልኝ። ይልቅ ያልነገርከንን እኔ ልንገርህ፦ ለግል ማሽን ሳይከፍሉም ማራዘም ይቻላል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የማሽኑን ሴቲንግ ባክአፕ ማድረግ ነው፤ የደኅንነት ዝማኔው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ይዘልቃል። ምክር ከሰጡ አይቀር እንዲህ ያለውን ነው።

አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ይመጣል። «እኔ ገደቡን ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ዘለልኩት! ሰባተኛ ትውልድ ላይ 11 ጭኛለሁ።»

ዘለልከው፤ እሰየው። ዝማኔው ግን አብሮህ እንዲዘል ማይክሮሶፍት ቃል አልገባልህም። የራስህ ማሽን ከሆነ እንደፈቀድክ። የደንበኛ ማሽን ከሆነ ግን ብር ከመቀበልህ በፊት ይህን ንገረው። ክራክ ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፍተህ ሳታበራው ማሽኑን የምትመልስ ከሆነማ ቫይረሱን ያስገባኸው አንተ ነህ፤ ፍላሹን አትክሰስ።

«ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም የለህም አለኝ፤ ሊያሸጠኝ ነው መሰለኝ።»

ባዮስ ገብተህ አይተሃል? ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቲፒኤሙ አለ፤ ተዘግቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ፈልገህ ክፈተው። ላፕቶፑን ልትሸጥ ስትደራደር የከረምክበት ነገር አንድ ማብሪያ ሆኖ ይገኛል።

«8 ጊጋ ራም ገዛሁ፤ አልገባ አለኝ። ልጫነው?»

ተው! የዲዲአር 3 ቦታ ላይ ዲዲአር 4 ብትጫን ይሰበራል እንጂ አይገባም፤ ጥርሱ መሐል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ሌላ ነው። የላፕቶፑም አጭር ነው፣ የዴስክቶፑ ረጅም። አሮጌውን ነቅለህ ይዘህ ሂድ፣ አስተያይተህ ግዛ።

«ባዮሱን ላዘምን፤ መብራት ይቆያል ብለህ ነው?»

ዩፒኤስ ከሌለህ አትንካው። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል።

ይህኛው ጥያቄ ግን የእኛው የደገኞቹ ነው፤ ሁልጊዜም ይገርመኛል። «አገሩ ብርድ፣ ቤቱ ብርድ፤ ይሄ ፋን ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» ብርዱ ይረዳዋል፤ አየሩ ግን ስስ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ጋይንት ስትወጣ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ብዙ አምራቾች ማሽናቸው እየሠራ የሚችለውን ከፍታ 3,048 ሜትር ብለው ይጽፋሉ። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ፋኑ ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ አቧራውን አስጠርግ፣ የፕሮሰሰሩን ፔስት አስቀይር። ማሽኑን የሸጠው የዱባይ ነጋዴ የጉና ተራራን ነፋስ አያውቀውም፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ።

አሁን ደግሞ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ጸሐፊዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ዊንዶውሱን ቀይራችሁ ጽሑፌን ሁሉ አጠፋችሁብኝ!»

«እህቴ፣ ጽሑፉ አለ። የሌለው ፎንቱ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ይነበባል?»

አይነበብም፤ ትክክል ናት። በድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ውስጡ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ ላዩን ግዕዝ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ማሽኑ ፎርማት ተደርጎ ፎንቱ ሲቀር የክስ አቤቱታው፣ የኪራይ ውሉ፣ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ዊንዶውስ 10 ኒያላን ከመደበኛው አውጥቶ ለብቻው ከሚጨመሩት ጋር አደረገው፤ ኢብሪማ ግን አብሮ ስላለ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ የትም ይነበባል። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን አልፎ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ የአንድ ፎንት እስረኛ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? «ለምደነዋል» መልስ አይደለም። የለመደ እጅ በጥቂት ሳምንታት ይታረማል፤ የጠፋ የመሬት ውል ግን ባለጉዳዩን ለዓመታት ያንከራትታል። ፎርማት የሚያደርግ ሁሉ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት «በምንድን ነው የምትጽፊው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ፋይሉን ከነፎንቱ ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ የድሮውን ወደ ዩኒኮድ እየለወጡ መሄድ ነው። ይህ የጠጋኙ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የቢሮ ኃላፊውም ሥራ ነው።

«ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔት ካላገናኘህ አልቀጥልም አለኝ።»

እንዲህ ብሎ የወሰነው ሰው በ2015 ዓ.ም ክረምት አማራ ክልል አልነበረማ! ያኔ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም። ማሽን ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው ለመክፈት ኔትወርክ እንዲለምን ማድረግ ነውር ነው፤ ኩባንያው ትልቅ ስለሆነ ነውሩ አይቀንስም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይሄ ነው፦ «እናንተ ደገኞች ስለ ማሽን ምን ታውቁና!»

ጋፋት ሂድና ጠይቅ! ከከተማው ብዙም አይርቅም። አፄ ቴዎድሮስ ያሠሯቸው ሚስዮናውያን ስብከት እንጂ መድፍ ይዘው አልመጡም ነበር፤ ሥሩ ተባሉ፣ ሞከሩ፣ ሠሩ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚያ ቀልጦ፣ ገደሉን በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ደረሰ። እዚህ አገር ዕቃ ጎድሎ ሥራ ቆሞ አያውቅም። ዛሬም ከሦስት የተበላሸ ማሽን አንድ የሚሠራ የሚያወጣው ልጅ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ባይሰቅልም ሥራውን ያውቃል።

«እሺ አዋቂው፤ ያ አራተኛ ትውልድህ ታዲያ ምን ይሁን?»

ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ኤስኤስዲ አስገባ። ራሙን 8 ጊጋ አድርስ። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ጫንበት፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው፣ ክራክ አይሹም፣ ስለ ትውልድም አይጠይቁህም። በዩኒኮድ አማርኛ ይጻፍባቸዋል፣ ሊብሬኦፊስ አላቸው፣ ዝማኔያቸውም አልተቋረጠም። ፓወር ግዕዝ እንደ ዊንዶውሱ አይሠራባቸውም፤ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ያለው ቢሮም አይቸኩል። ለተማሪ ግን ከበቂ በላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ ማውስ ይዞ የማያውቅ የስማዳና የእብናት ልጅ ፈተናው ክፍል ገብቶ ነው የሚለምደው?

ስለዚህ የወረዳና የዞን ንብረት ክፍሎች ሆይ፣ «ዊንዶውስ 11 አልቀበል አለ» ብላችሁ ስቶር ያስገባችኋቸውን ማሽኖች ጨረታና የማስወገድ ኮሚቴ እየጠበቃችሁ አታሳድፏቸው። ፋይላቸውን ገልብጣችሁ፣ ዲስካቸውን አጽድታችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በደብዳቤ አስተላልፉ። ደብዳቤውንም በዩኒኮድ ጻፉት።